በአንድ ትኬት አምስት ሰው

«እስቲ ጀርመንን ያጫውቱን» እያላችሁ ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ሻይ በሰላም አላስጠጣችሁኝም። እንግዲህ ጻፍሁት፤ አንብቡና ተዉኝ። ሕንጻውንና ድልድዩን ከፈለጋችሁ በስልካችሁ እዩ፤ እኔ ካየሁት ይልቅ እዚያ ላይ ይበልጥ ያምራል። እኔ የማወጋችሁ ስለ ቀርፋፋ ባቡርና ስለ ሚስቴ ስለ የሺ ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር፣ ከደብረ ታቦር በገሳይ አድርጌ ነፋስ መውጫ ቅጥቅጥ ስነዳ ነው ጠጉሬ የሸበተው። የሺ ግን ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅም፤ እሱንም ለሐኪም ነው። ጉልበቷን ሲያማት ወንዛዬ ፍል ውሃ የወሰድኋትም እኔው ነኝ፣ ያውም ከትርፍ ሰው ጋር አጭቄ። ከተጋባን ጀምሮ እኔ መንገደኛ፣ እሷ ጠባቂ። ማታ በር ስከፍት «መጣህ?» ትለኛለች። በጊዜ ብመጣም፣ ጉና ላይ ጉም ዘግቶኝ አድሬ በነጋታው ብመጣም ቃሏ ያው ነው። ሌላ ነገር አትጨምርም፤ ውሃ ታሞቅልኛለች።

ልጃችን ማስተዋል ጀርመን አገር፣ ዴንማርክ ድንበር ላይ ፍሌንስቡርግ በምትባል ከተማ አረጋውያንን ስትንከባከብ ትውላለች። እዚያው አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን እሑድ ላይ ይውላል፤ ማስተዋልም «እናቴ ሳትመጣ ልጄን ክርስትና አላስነሣም» ብላ በስልክ አለቀሰች። የሺ ግን መጀመሪያ እምቢ ነው ያለችው። ሰው ቋንቋዋን በማይሰማበት አገር መጥፋትን እንደ ሞት ትፈራለች። በኋላ «ከዓይንህ ላታጠፋኝ ማልልኝ» አለችኝ። ማልሁላት። ከዚያ ነው ለሕፃኗ ማተብ በእጇ መግመድ የጀመረችው። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ትንሿን ነጠላና ማተቡን በአንድ ቦርሳ ከትታ፣ ያን ቦርሳ ከእቅፏ ሳታወርድ አውሮፕላን ገባን።

የአውሮፕላኑ ትኬት የሚረክሰው በሙኒክ በኩል ሆነ። የእኅቴ ልጅ ሞገስ እዚያ ስለሚኖር ተቀበለን። ችግሩ፣ ሙኒክ የአገሩ ደቡብ ጫፍ ነው፤ ማስተዋል ያለችው ሰሜን ጫፍ። ከጎንደር ሐዋሳ እንደ መውረድ በሉት። ሞገስ ሥራ አለበትና አብሮን አይሄድም።

«ጋሼ፣ በፈጣኑ ባቡር ልላካችሁ ብል የሁለታችሁ የበሬ ዋጋ ነው» አለኝ። «ግን የክልል ትኬት አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱም እንደኛ ክልል አላቸው። የአንድ ቀን ትኬት ይገዛና፣ በዚያ ክልል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ባቡር ወርዶ እዚያኛው ላይ እየወጡ መዋል ነው። ፈጣኑን ግን አያስነካም፤ በየከተማው እየቆመ ሰው የሚያራግፈውን ብቻ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንዱ ትኬት እስከ አምስት ሰው መያዙ ነው። ስማቸው ይጻፍበታል፣ አብረው እስከሄዱ ድረስ ማንም አይነካቸውም።

«አንድ ትኬት ለአምስት ሰው?» አልሁት። «ይኸን የኛ መናኸሪያ ቢሰማ ያብዳል።»

ሐሙስ ጠዋት ሞገስ ሙኒክ ባቡር ጣቢያ አደረሰን። ትኬቱ በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይሠራምና ቆመን መጠበቅ ያዝን። ጣቢያው የሰው ጎርፍ ነው፤ ድምፅ ግን የለም። እኛ ዘንድ «ወረታ! ወረታ! ባሕር ዳር!» የሚል ከሌለ መኪናው የሚንቀሳቀስ አይመስለንም። እዚያ ሰው ሰሌዳውን አንጋጦ ያያል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። የሺ ቦርሳዋን ታቅፋ «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ።

በዚህ መሐል ሻሽ ያሰረች፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት ወደ ሞገስ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችው። ከሶርያ ተሰዳ የመጣች ናት። እኛ ልናድርባት ወዳሰብናት ወደ ዉርዝቡርግ ትሄዳለች፤ ትኬታችን ላይ ቦታ ካለ ድርሻዋን ከፍላ ትግባ እንደሆነ ነው ጥያቄዋ። የተለመደ ነው አለኝ ሞገስ። እኔ ደግሞ የሹፌር አመል አለብኝ፤ ጣቢያ ላይ ተጠግቶ የሚያናግር ሁሉ ሌባ ይመስለኛል። «ተዋት፣ ነገር እንዳታመጣብን» አልሁት።

የሺ ምን እንደምንባባል ጠየቀችኝና ነገርኋት።

«ሦስት ቦታ ባዶ ነው አልህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ባዶ ቦታ ይዘው፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት ሜዳ ላይ ጥለው ሊሄዱ ነው፣ አንቱ?»

የሺ አንቱ የምትለኝ ስትቆጣ ብቻ ነው። ሞገስ ሳቁን ውጦ የሴትዮዋን ስም ከስማችን ሥር ጻፈ። ድርሻዋንም የሺ አላስቀበለችም፤ ባዶ ወንበር ሸጣ አታውቅም።

ባቡሩ ተነሣ። ስገባ ፉርጎው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉልኝ። መንገዱን እንደ ሹፌር ታዘብሁት፤ አንዲት ጉድጓድ የለችበትም። እርሻው የኛን ገብስ ማሳ ይመስላል፤ ይኸ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሰው ግን አይታይበትም። የሺ በመስኮቱ አንድ ገበሬ ስትፈልግ ዋለች። «ማን ነው የሚያርመው?» ትለኛለች ደጋግማ። ሶርያዊቷ ብርቱካን ላጠችልን፣ የሺም ዳቦ ቆሎ አፈሰችላት። በቋንቋ አይገናኙም፤ ሲጫወቱ ግን ዋሉ። ሕፃኑ የሺ ጭን ላይ፣ እናትዮዋ የሺ ትከሻ ላይ አንቀላፉ።

ኑረንበርግ ላይ ባቡር መለወጥ ነበረብን። ቆመ። በሩ ፊት ለፊት ዕቃችንን ይዘን ተገተርን፤ አይከፈትም። «ወራጅ አለ» አልሁ። ማን ሰምቶኝ። ጮክ ብዬ ደገምሁት። ሶርያዊቷ በትከሻዬ ላይ እጇን አሳልፋ አረንጓዴ ቁልፍ ጫነችና በሩ ተከፈተ። የሺ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺን ሴት ባንይዛት ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ባቡር ውስጥ በሆንን ነበር።

ዉርዝቡርግ ስንደርስ ሶርያዊቷ የሺን ሦስት ጊዜ ስማ ተለየችን። ሞገስ የተከራየልን ማረፊያ ከጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ የቤቱ ባለቤት ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ጎንበስ ያሉ እመበለት ናቸው። ንጹሕ አልጋ፣ የፈላ ሻይ ሰጡን። የሺ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ሥር ወጥታ «ወንዛዬ በቤታቸው አለ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ሴትዮዋ ገበታ ሞልተው ጠበቁን፤ ቅቤ፣ ቋሊማ፣ እንቁላል፣ ወተት። የሺ እጇን አልዘረጋችም። ሴትዮዋ ሌላ ቋሊማ አመጡ። አሁንም እንቢ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ቤታቸውን የተጸየፍንባቸው ነው የመሰላቸው። እንግሊዝኛዬ የሹፌር እንግሊዝኛ ነው፣ «ስቶፕ» እና «ባክ» ከሚለው ብዙም አያልፍ። እንደምንም «ዓርብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ወተት የለም» አልኋቸው። ቶሎ ገባቸው። አማተቡ። ወደ ጓዳ ገብተው የተቀቀለ ድንች፣ ፖምና ዳቦ ይዘው ወጡ። የሺ ግን ይህንንም አሁን እንደማትበላ ልታስረዳቸው ተነሥታ ሄደችና የግድግዳውን ሰዓት ሦስት ቁጥር በጣቷ ነካችው፤ በኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ቁጥሩን አዩ፣ የሺን አዩ፣ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የሆነውን እሳቸውም ያውቁታል። ድንቹን በጨርቅ ጠቅልለው በቦርሳዋ ውስጥ በገዛ እጃቸው አኖሩላት።

ሲሸኙን እስከ በር ነው። እዚያ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ። የሺ ትንሽ ቅር አላት፤ እኛ ዘንድ እንግዳ ከበር አይሸኝም፣ ቢያንስ እስከ መታጠፊያው ይዘልቁታል። «እግራቸው አሟቸው ነው» አልኋት። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዞር ብል ግን ሴትዮዋ እንደቆሙ ናቸው። ለየሺ አሳየኋት፤ ደስ አላት።

የዕለቱ ትኬት ክልል የሚያሻግረው ዓይነት ነበር። እየወረድን፣ እየጠበቅን፣ እየወጣን ዋልን። አንዱ ባቡር ዘገየና ሌላው ጥሎን ሄደ፤ እኔ ተናደድሁ፣ የሺ ግን «ቀርፋፋው ይሻላል፣ ቢያንስ አገር ያሳያል» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማንም የማይወርድባት ትንሽ ጣቢያ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘን። የሺ ድንቹን ፈታች፣ ቀመሰች፣ አላመጠች።

«ይኸ የገሳይ ድንች ነው» አለች።

«ገሳይ ከዚህ ሰማይ ማዶ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«እኔ ድንች አታስተምረኝ» አለችና ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ።

ሃምቡርግ ስንደርስ ጀንበር ጠልቃለች። ያረፍነው ተማሪ የሚያድርበት ርካሽ ቤት ነው፤ አልጋው ተደራራቢ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ወጥቼ ላይኛው ላይ ተኛሁ፤ የሺ ከሥር ስትስቅ አልጋው ይነቃነቃል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ «አለህ?» አለችኝ። ከሥር ሆና ስለማታየኝ ነው። «አለሁ» አልኋት። እንደገና ጠየቀችኝ፣ እንደገና መለስሁላት፤ እንደዚህ እንዳለን እንቅልፍ ወሰደን።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው። የሰሜኑን ክልል ትኬት ገዛሁ፣ ስሜን፣ ከሥሩም የሺን ጻፍሁ፤ በደረት ኪሴ ከተትሁት። ሞገስ በስልክ አስጠነቀቀኝ፤ ኖይሙንስተር የምትባል ከተማ ላይ ባቡሩ ለሁለት ይከፈላል፤ የፊቱ ወደ ኪል፣ የኋላው ወደ ፍሌንስቡርግ ይሄዳል። ሁለቱ በውስጥ አይገናኙም። «ከኋላ ይቀመጡ፣ ጋሼ፣ አደራ» አለኝ። እኔ መኪና ተሰብሮ ተሳፋሪ ለሁለት ሲከፈል አውቃለሁ፤ ደህናው መኪና ሲከፈል ግን ሰምቼም አላውቅ። ከኋላ ተቀመጥን። ማስተዋልን ልናያት የቀረን የአንድ ከሰዓት መንገድ ነው። የሺ ቦርሳውን ደጋግማ እየከፈተች ማተቡን ትነካዋለች።

ከፊታችን አንዲት ትልቅ ሴት ተቀመጡ፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ ሻንጣቸው የእሳቸውን ቁመት ያህላል። ከጎናችን ደግሞ የተራራ ጫማ የተጫሙ አራት ሴቶች አሉ፤ ጠና ጠና ያሉ፣ ሳቂታዎች። ኖይሙንስተር ላይ ባቡሩ ቆመና ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ሲል ትልቋ ሴት ብድግ አሉ። «ኪል! ኪል!» አሉ። የተቀመጡት በማይሆነው በኩል ኖሯል። ሻንጣውን ጎተቱ፤ አልተንቀሳቀሰላቸውም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እናቴን የሚያህሉ ሰው ሻንጣ ሲጎትቱ እያየሁ ቁጭ ልበል? ሻንጣውን አነሣሁ። «የሺ፣ መጣሁ» አልኋት። ሴትዮዋን በአንድ እጄ ደግፌ ወረድን፣ በመድረኩ ላይ ወደፊት ሄድን፣ የፊተኛው ባቡር ውስጥ አስገባኋቸው። እዚያ ላይ ዘወር ብሎ መሮጥ ነበር ደንቡ። እኔ ግን ሻንጣውን መደርደሪያው ላይ ሰቀልሁላቸው። አስቀመጥኋቸው። እሳቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ «ኧረ ምንም አይደለም፣ በሰላም ይግቡ» አልሁ። እሳቸው ደግሞ አመሰገኑ። እኔም ደግሜ ጎንበስ አልሁ፣ «እግርዎን እግዜር ይማርልዎ» አልሁ። ስንብት መቼም በአንድ ቃል አያልቅም። የሆነ ነገር ጢጥ ጢጥ አለ። ዞር ስል በሩ ተዘግቷል። አረንጓዴውን ቁልፍ ጫንሁት፤ መብራቱ ጠፍቷል። በመዳፌ መታሁት። ባቡሩ ሄደ።

ሲታጠፍ በመስኮት አየኋት። የሺ በዚያኛው ባቡር መስኮት ላይ ቆማለች፤ መዳፏን መስተዋቱ ላይ አድርጋለች። አልጮኸችም። ከዚያ አጥር ጋረዳት።

ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ስልኩም ኪሴ ውስጥ ነው። የማስተዋል አድራሻ፣ የየሺ ፓስፖርት፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። ከዓይኔ አላጠፋሽም ብዬ የማልሁላት ሰው፣ አንዲት ቃል በማታውቀው አገር፣ ያለ ትኬት ሄደች። እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁም።

ትልቋ ሴት ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተቆጣጣሪውን ጠርተው አዋከቡት። እሱም በጣቱ አሳየኝ፤ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርደህ ወደኋላ ተመለስ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ፍሌንስቡርግ ያዝ ነው። ጣቢያው ሲደርስ ሴትዮዋ ካፖርታቸውን ለብሰው ተነሡ። «አይ፣ አይሆንም፣ እርስዎ ይሂዱ» ብዬ በአማርኛ ለመንኋቸው። እሳቸውም በጀርመንኛ አይሆንም አሉ። ያንኑ ሻንጣ ከመደርደሪያው አውርጄ፣ እሳቸውን ደግፌ፣ ወረድን።

አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነፋሱ የጉና ነፋስ ነው። ለማስተዋል ደወልሁ። «እናትሽ ብቻዋን ናት» ብቻ ነው ያልሁት። «አባዬ፣ ፍሌንስቡርግ መጨረሻው ነው፣ ካልወረደች እኔ እቀበላታለሁ» አለች። የፈራሁትም ይህንኑ «ካልወረደች» የሚለውን ነው። አንበሳሜ ገበያ ስንሄድ ስምምነት አለን፤ ከተጠፋፋን የሺ ባለችበት ትቆማለች፣ እኔ ፈልጌ አገኛታለሁ። ባቡሩ ሳይነሣ ወርዳ መድረኩ ላይ እየጠበቀችኝ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርሁ። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ትንሽ ፔርሙስ አውጥተው ሻይ ቀዱልኝ። ክንዴን ይዘው፣ ባቡሩ እስኪመጣ ተቀመጡ። ሲመጣ እስከ በሩ አደረሱኝ፤ በሩ ላይም አላበቁም፣ ባቡሩ ሲሄድ በዚያ በታመመ እግራቸው መድረኩ እስኪያልቅ ተከተሉኝ። እኔ ሸኝቻቸው ነበር፣ ሽኝቴን መለሱልኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኖይሙንስተር ወረድሁ። የሺ የለችም። መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሄድሁት፣ ደረጃው ሥር አየሁ፣ በመጠበቂያው ክፍል መስተዋት አጮልቄ አየሁ። ነጭ ነጠላ የሚመስለኝ ሁሉ ሌላ ነገር ነው። የሚቀጥለው ባቡር እስኪመጣ ከመቀመጥ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ያሰብሁት። ጉና ላይ ጉም ሲዘጋኝ፣ ጎማ ሲፈነዳብኝ፣ በዚያ በክፉዎቹ ዓመታት መንገድ ተዘግቶ ስልክም ጠፍቶ ሦስት ቀን ነፋስ መውጫ ስቀር፣ እሷ ቤት ውስጥ እንደዚህ ነበረች ማለት ነው። እንደዚህ በየኮቴው ብድግ እያለች። እኔ ደግሞ ስመጣ «ምን አለ፣ መንገድ ነው» እያልሁ እግሬን ስታጠብ። ይኸን ሁሉ ዘመን በአንዲት «መጣህ?» ነው የዋጠችው። ውዴን እዚያ አግዳሚ ላይ ይበልጥ ወደድኋት፤ ለሰው የሚነገር አይደለም ግን ጻፍሁት።

ባቡሩ መጣ። የቀረውን መንገድ ቆሜ ነው የሄድሁት፤ መቀመጥ አልቻልሁም። ፍሌንስቡርግ ገና ሳይቆም አረንጓዴውን ቁልፍ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ማስተዋልን ነው። ወፍራለች፣ አምሮባታል፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር ላይ የሺ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ በነጠላ ተጠቅልላ ጭኗ ላይ ናት። እነዚያ የተራራ ጫማ ያጠለቁ አራት ሴቶች ዙሪያዋን ቆመው ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማሉ። የሺ ቀና ብላ አየችኝ።

«መጣህ?» አለችኝ።

ከፊቷ በጉልበቴ ተንበርክኬ እጇን ያዝሁ፤ ሰው እያየኝ።

የሆነውን ከሷና ከሴቶቹ፣ ማስተዋል እያስተረጎመች፣ ሰማሁ። ባቡሩ እንደተነሣ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ትኬት አለች። የሺ ወደፊት እያመለከተች «ባሌ ጋ ነው፣ ሰው ሊሸኝ ሄዶ ነው» ብላ በአማርኛ አስረዳች። አራቱ ሴቶች ደግሞ በዚያኛው ባቡር ስወሰድ በመስኮት አይተው መጀመሪያ ስቀዋል፣ በኋላ ግን የየሺን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። አንደኛዋ ትኬታቸውን አወጣች። የአራት ሰው ስም አለበት፣ አንድ ቦታ ባዶ ነው። «አምስተኛችን ናት» አለች። እስክሪብቶ አውጥታ በጣቷ የሺን ደረት ነካ አደረገች። «የሺ» አለች የኔዋ፤ ጻፈችው። ተቆጣጣሪዋ ቀለሙ ሳይደርቅ እያየች፣ ማኅተሟን መታችና አለፈች። ሴቶቹም ልጇ ብትመጣም ባሏ እጅ ሳናስረክባት ከጣቢያው አንሄድም ብለው፣ ይኸው እስክመጣ ቆመዋል።

«ሐሙስ ዕለት ሶርያዊቷን ሜዳ ላይ ትተናት ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር?» አለችኝ የሺ።

«ኖይሙንስተር ለምን አልወረድሽም?» አልኋት። «ከተጠፋፋን ባለሽበት አይደል የምትቆሚው?»

«ባለሁበት ነዋ የቆምሁ፤ ባቡሩ ነው የሄደው» አለች። «ደግሞስ ልጄ መጨረሻው ላይ ነው ያለችው። አንተ ሹፌር ነህ፣ ዘግይተህ ታውቃለህ እንጂ ቀርተህ አታውቅም።»

እሑድ ማለዳ ክርስትናው ሆነ። ጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያናቸውን በወር አንድ ቀን ለእኛ ሰዎች ያውሳሉ፤ ቄሱም ከሃምቡርግ በዚያው ቀርፋፋ ባቡር ነው የመጡት። ሰማንያ ቀኗ ነውና ማስተዋል ከወለደች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ጮኸች፤ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ከደብረ ታቦር በየሺ እቅፍ የመጣው ማተብ አንገቷ ላይ ሲታሰር ዞር አልሁ፤ አራቱ ሴቶች ከኋላ፣ ያንኑ ጫማቸውን አድርገው፣ የማይሰሙትን ቅዳሴ እንደኛው ቆመው ያዳምጣሉ። የሺ ናት በምልክት የጠራቻቸው።

ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጣቢያ ሄድን። በርግጥ ሸኘናቸው፤ እስከ በር ብለን እንተዋለን እንዴ። ባቡሩ ቆሟል። አንደኛዋ ከባድ ሻንጣ አላት። እኔ እጄ ለምዷል፣ ሳላስበው ሻንጣውን አንሥቼ አንድ እግሬን ወደ በሩ አስገባሁ።

ከኋላዬ የለበስሁት ኮት ተያዘ። የሺ ናት፤ ጫፉን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ከዚሁ ሆነው ያቀብሉ፣ አንቱ» አለችኝ።

ከመድረኩ ላይ ሆኜ አቀበልሁ። ሴቶቹ ሳቁ፣ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ፤ እስኪታጠፍ እጃችንን አወዛወዝን። የሺ ኮቴን ሳትለቅ እስከ ማስተዋል ቤት ሄድን። ከተመለስንም ወዲህ፣ ቅዳሜ ገበያ ስንወጣ፣ ይኸው ጫፉን ትይዘዋለች። ከመናኸሪያው በር ላይ ሆናችሁ እያያችሁ የምትስቁት ይህንን ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አንዳንዴ ሳትይዘኝ ስትቀር፣ እስክትይዘኝ ቆሜ እጠብቃታለሁ።